የሚፈታውን እያሰብክ እሰር

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ልጄ ሰብለ ወንበር ገዛችልኝ። ወደ ኋላ የሚተኛ፣ እግር የሚያነሳ፣ በጎኑ ቁልፍ ያለው ወንበር ነው። ሁለት ሰዎች እያለከለኩ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዬ ድረስ አወጡት። "አባዬ፣ ከእንግዲህ ሥራህ እዚህ ላይ ቁጭ ማለት ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። አሁን ካፖርቴን እጥልበታለሁ።

ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ዶክተሩ የጉልበቴን ፎቶ አይቶ ብዙ አትራመድ ብሎኛል፤ እኔን ግን የሚያመኝ ስቀመጥ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሬድ ላይን የሚሉትን ባቡር እይዛለሁ፣ መሀል ከተማ ወደ ብሉ ላይን እቀይራለሁ፣ ኪንግ ስትሪት እወርድና አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ደርሼ ጣውላ አያለሁ። አይቼ እመለሳለሁ።

ግሮሰሪው ደጃፍ የሚቆሙት ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በተለይ ጌታቸው። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ፣ ምላሱ ከመኪናው የሚፈጥን ሰው ነው።

"ደምሴ፣ ዛሬም ጣውላህን ጠይቀህ መጣህ? ደህና አደረች?"

"ደህና ናት።"

"የባሕር ዳርቻ መንገድ ሠራሁ እያልክ ታወራለህ። ባሕሩ የታለ? ፖቶማክ እኮ ወንዝ ነው!"

"ወንዝስ ወንዝ ነው። ግን አንተ የምታውቀው ዓይነት አይደለም።"

"ወንዝ ምን ዓይነት አለው? ከላይ ይመጣል፣ ወደ ታች ይሄዳል። አለቀ።"

እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ አስቤ ነበር። በዚያ ሐሳብ የሠራሁት ጥፋት ነው እስከ ዛሬ የማያስቀምጠኝ። ጽሕፈት ላይ ደካማ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጺም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ፊደሉን ሰብለ አርማልኛለች። ሐሳቡን እንዳትነካ ግን አስጠንቅቄያታለሁ።

እስክሪብቶ ያስያዘኝ አንድ ወረቀት ነው። በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ እንደ ልማዴ ስሄድ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለሚከብደኝ ማርቪንን ኮል አደረግኩት። ማርቪን ኤል ሳልቫዶር የተወለደ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮኝ የሠራ፣ አሁንም መንገዱን የሚጠግን ሰው ነው። መጥቶ አነበበልኝ። የከተማው አስተዳደር ወደ ሎሬታ ጀልባ መሳፈሪያ የሚወስደውን የመጨረሻውን የጣውላ መንገድ ሊዘጋው አስቧል። እግረኛው በላይ በአስፋልቱ በኩል ይዞራል።

ሎሬታ ማን እንደሆነች እደርስበታለሁ። ለጊዜው ይኼን ያዙልኝ፤ ጣውላው ከተዘጋ ወደ መሳፈሪያው የሚደርስ ሰው የለም። ሰው ካልደረሰ እሷና አብረዋት የሚሠሩት አራት ሰዎች ከሥራ ወጡ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በእኔ ጥፋት ከሥራ ወጥታለች። ሁለተኛ ሲሆን ቆሜ ማየት አልችልም።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያደግሁ። ጉርምስናዬን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ስጠርብና ቱቦ ስቀብር ጨረስኩት። በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ አገር ስገባ ፓርኪንግ ሠራሁ። ኮሎምቢያ ሃይትስ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጭስ እየሳብኩ፣ ቲኬት እየቆረጥኩ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የጭነት መኪና የያዘ ሰው መጣ። ከኋላው የጫነውን የተጠረበ ድንጋይ አየሁና "ይኼን የጠረበው ሰው ጥድፊያ ነበረበት" አልኩት። ሳቀ። ካርዱን ሰጠኝ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የድሮ ግንብና የጡብ መንገድ የሚጠግን ኮንትራክተር ነበር። ደመወዙ ከፓርኪንጉ ብዙም አይበልጥም፤ ፀሐይ ግን ነበረው። ገባሁ።

ከዓመታት በኋላ ያ ኮንትራክተር የወንዙን ዳር የቅርስ መንገድ ሥራ አገኘ። ሐሳቡን ሲነግሩን ወደድኩት። ድሮ ዓሣ አጥማጆች፣ ጀልባ ሠሪዎችና ገመድ የሚገምዱ ሰዎች በኖሩበት ዳርቻ የእግር መንገድ ይሠራል። ታሪካቸው በየቦታው በሰሌዳ ይጻፋል። እንግዳው በአውቶቡስ ተጭኖ ሳይሆን በእግሩ ይመጣል፤ ረግረጉን ሳይረግጥ፣ ወፉን ሳያባርር በጣውላ ላይ ያልፋል፤ ሲርበው ከሰፈሩ ሰው ይበላል፣ በሰፈሩ ሰው ጀልባ ይሳፈራል። ከሠራተኛውም ገሚሱ የወንዙ ዳር ሰው እንዲሆን ውል ነበረበት። ሚስተር ኦቲስ የተቀጠሩት በዚያ ውል ነው።

ሚስተር ኦቲስ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እኔን በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። አያታቸው እዚያው ዳርቻ ላይ መረብ ይጥሉ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መዶሻዬን ይዤ ተነሳሁ።

"ቁጭ በል" አሉኝ።

"ልሠራ ነው የመጣሁት።"

"ውሃውን አየኸው?"

"አየሁት።"

"ስንት ጊዜ?"

"ውሃ ስንት ጊዜ ይታያል?"

አንድ ችካል አንስተው ውሃው ጭቃውን የሚነካበት ጫፍ ላይ ተከሉ። ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀድተው ጠጡ፣ ለእኔም በክዳኑ ሰጡኝ። ሻዩ ሲያልቅ ሄደው አዩ። ችካሉ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ነው መጋዝ የነኩት። ውሃው እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ታይድ ይሉታል። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ግን እስትንፋሱ እዚያ ድረስ ይመጣል። ሚስተር ኦቲስ ከምሳ በፊትም አንድ ጊዜ ሄደው ያዩታል። በረዶም ቢሆን፣ ሙቀትም ቢሆን። ሱፐርቫይዘራችን ኬን ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጥ ነበር።

"ኦቲስ፣ ታይዱ እኮ ስልክ ላይ ተጽፏል!"

"ስልክህ ጫማው ረጥቦ ያውቃል?" ይሉታል።

ከእሳቸው የተማርኩትን ብዘረዝር ወረቀት አይበቃም። ጣውላ ሲያነጥፉ ዛፍ በነበረ ጊዜ ወደ ቅርፊቱ የነበረውን ወገን ወደ ላይ ያደርጋሉ፤ ያለዚያ ጊዜ ሲቆይ እንደ ገበቴ ይጎደጉድና ውሃ ይይዛል። በጣውላና በጣውላ መሀል የአንድ ምስማር ውፍረት ይተዋሉ። ገጥመው ሲጨርሱ ውሃ ልኩን ወደ ጎን አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እግራቸው ይቆሙበታል። "ጣውላ ዓይንን ያታልላል፣ እግርን አያታልልም" ይላሉ።

ፕላኑ ላይ ምሰሶዎቹ ቁጥር ነበራቸው። እሳቸው ቁጥር አይጠሩም። በዚያ ትክክል የኖረውን ሰው ስም ነው የሚጠሩት። "ከሚስ አዳ እስከ ዲያቆን ሮይ አግዳሚውን እሰር" ይሉኛል። ሚስ አዳ ክራብ የሚሉትን ሸርጣን ትቀቅል ነበር፣ ዲያቆን ሮይ ጀልባ ይቀባ ነበር። ሰሌዳው ላይ "እዚህ ዓሣ አጥማጆች ኖረዋል" ብቻ ተጽፎ ሲያዩ ተናደው "ዓሣ አጥማጅ ስም የለውም?" አሉ። ኬን ኮል ሲያደርግ፣ ሲጽፍ ከርሞ ስሞቹ ገቡ። ማንበብ ለሚከብደኝ ለእኔ አጠራሩ ተመቸኝ። ያልኖርኩበትን ሰፈር ቤት ለቤት አወቅሁት።

አንድ ልማዳቸው ብቻ ያናድደኝ ነበር። እያንዳንዱን ብሎን ከማሰራቸው በፊት ጥርሱን በግሪስ ያሹታል። አንድ በአንድ፣ በጣታቸው፣ እንደ ቁስል።

"ይኼ ሁሉ ለምንድነው? ጠብቆ ከታሰረ አይበቃም?" አልኳቸው።

"የሚፈታውን ሰው እያሰብክ እሰር።"

"ለማፍረስ ነው እንዴ የምንሠራው? እኛ አገር ስንሠራ ለልጅ ልጅ ነው!"

"ውሃ ዳር ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይነሳል፣ ዴሚ። በደህና የተነሳ መልሶ ይገጠማል። ተቆርጦ የተነሳ ግን ማገዶ ነው።"

አልገባኝም። ግን እሳቸው እያዩኝ ስለሆነ አሸሁት።

አሁን ጥፋቱ ጋ ደረስኩ።

መንገዱ ሊያልቅ የመጨረሻው ቁራጭ ሲቀር ሚስተር ኦቲስ ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን ሆኑ። ኬን እኔን ፎርማን አደረገኝ። ያ ቁራጭ ረግረጉን አቋርጦ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው የሚሄደው ነው። መሳፈሪያው የሎሬታ ነበር። ሎሬታ የሚስተር ኦቲስ የእህት ልጅ ናት። ሆስፒታል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ መንገዱ ሲሠራ ልቧ ተነሳ። ያገለገለ ጀልባ ገዛች፣ የሰፈሩን ታሪክ ለእንግዳ እንዴት እንደሚነገር ሠለጠነች፣ የምረቃው ቀን ሲቆረጥ ሥራዋን ለቀቀች።

በፕላኑ አግዳሚው ከምሰሶው ጋር በሁለቱም በኩል፣ በላይም በታችም፣ በረጅም ብሎን ይታሰራል። ከሱቁ የመጣልን ብሎን ግማሹ ብቻ ነበር። የቀረው በሁለት ሳምንት ይመጣል አሉ። ምረቃው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

"እናራዝመው?" አለኝ ኬን።

"አያስፈልግም፣ እኔ አውቃለሁ" አልኩት።

ያለውን ብሎን በሙሉ ወንዙ በሚመጣበት በላይኛው በኩል አሰርኩት። ከዚያም በላይ ትልልቅ ድንጋይ ቆለልኩበት። በታችኛው በኩል ምስማር መታሁ።

"ዶን ዴሚ" አለኝ ማርቪን፣ ሲያከብረኝም ሲያሾፍብኝም ዶን ነው የሚለኝ፤ "ፕላኑ በሁለቱም በኩል ብሎን ይላል።"

"ማርቪን፣ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?"

"እዚህ? ከላይም ከታችም።"

"ከላይ ነው! እኔ ደራሽ ወንዝ ሥር ነው ያደግሁት። ደራሽ ሲመጣ ተራራው ይጮኻል፤ በሬ ይወስዳል፣ ድንጋይ ያንከባልላል። ይኼንን የእናንተን ውሃ ተወው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይተኛል።"

ከታች መነሳቱን ዓይኔ በየቀኑ ያያል እኮ። ግን ለእኔ ጉልበት ያለው ውሃ የሚጮኽ ነው። ዝም ያለ ውሃ ሳንቃ ያነሳል ብሎ ማን ያስባል? ሚስተር ኦቲስን ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ ሆነው መጀመሪያ ያሉኝ "ውሃውን ሁለት ጊዜ ታያለህ?" ነው። "አያለሁ" አልኳቸው። ዋሸሁ። ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ አንድ ጊዜም አላየሁም።

ምረቃው አራት ቀን ሲቀረው ሁለት ቀን ሙሉ ከደቡብ ነፋስ ነፈሰ። ጠብታ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ የታጠበ ሰሐን ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደርሼ ቆምኩ። ውሃው ረግረጉን ሞልቶ፣ ጣውላውን ከሆዱ ገፍቶ አንስቶታል። በላይ በኩል ብሎን፣ በታች በኩል ምስማር ስለሆነ እንደ ሳጥን ክዳን ከፈተው። ምስማሮቹ እንደ ወተት ጥርስ ወልቀዋል። ድምፅ የለም። ዳክዬ ይዋኛል። ምሰሶዎቹ ንቅንቅ አላሉም፣ በላያቸው ግን መንገድ የለም።

"ዶን ዴሚ፣ የተገነጠሉትን ጣውላዎች አገኘኋቸው" አለኝ ማርቪን።

"ታች ወርደዋል?"

"ሽቅብ ሄደዋል።"

ወንዙን ወደ ላይ ተከትዬ ሄድኩ። እውነቱን ነው። የእኔ ጣውላዎች ከሠራሁበት በላይ፣ ቄጠማ ውስጥ ተሰካክተው ተኝተዋል። እኛ አገር ውሃ ሽቅብ ሄደ ከተባለ ዓለም አልቋል ማለት ነው። አንደኛው ጣውላ ሲሄድ ታስራ የነበረችውን የሎሬታን ጀልባ ጎኗን በስቷታል። ጀልባዋ በግማሽ ሰምጣ አፏን ከፍታ ነበር።

ኬን ፊቱ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ሰብሰብ አለና "ማዕበል ብዬ እጽፈዋለሁ። ማንም አይጠይቅም" አለኝ። ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ሎሬታ ቦት ጫማዋን አድርጋ መጣችና ጠየቀችኝ።

"ሚስተር ዴሚ፣ ማዕበል ነበር እንዴ? እኔ መስኮት ከፍቼ ነው የተኛሁት።"

ለሷም ዝም አልኳት። ከጥፋቴ ሁሉ ይኼኛው ይብሳል።

በማግሥቱ ሚስተር ኦቲስ በሁለት ክራንች መጡ። ሎሬታ ነች በመኪናዋ ያመጣቻቸው። ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። በክራንቻቸው ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር አድርገው የተጣመመ ምስማር አወጡ።

"ዝናብ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ይኼ ምስማር እዚህ ምን ይሠራል?"

"እኔ ነኝ የመታሁት። ብሎን አጥሮኝ።"

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ለእኔ አይደለም የምትነግረው" አሉና በአገጫቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ። ሎሬታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ሆና በባልዲ ውሃ ከጀልባዋ ትቀዳለች።

ወረድኩ። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ።

"ሎሬታ፣ ማዕበል አልነበረም። በብሎን ማሰር ሲገባኝ በምስማር መታሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ባልዲዋን እንደያዘች ቀና አለች።

"ሥራዬን ለቅቄያለሁ እኮ" አለች። ጎንበስ ብላ መቅዳቷን ቀጠለች።

ኬንን እውነቱን ጻፍ አልኩት። ጻፈ። ከፎርማንነት ወረድኩ፤ ይኼ ቀላሉ ነው። ምረቃው ቀረ። ዓሣውም እንግዳውም የሚበዛበት ጊዜ አለፈ። ሎሬታ ተመልሳ ላውንድሪ ገባች፤ ዓመት ሙሉ የሰው አንሶላ አጠበች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባዋን ስጠግን ሚስተር ኦቲስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል፤ እሷ ግን ስትመጣ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ክረምቱ ሲወጣ ነው አንድ ቀን ሳንድዊች ለሁለት ከፍላ የሰጠችኝ።

ጣውላውን እንደገና ሠራነው። ከላይም ከታችም በብሎን፣ እያንዳንዱ ግሪስ እየታሸ። መጨረሻ ላይ፣ የሎሬታ ምሰሶ ባልነው ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ብሎኖች ሲቀሩ ግሪሱ አለቀ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል።

"ሂድና ከሱቅ አምጣ" አሉኝ ሚስተር ኦቲስ።

"ለሦስት ብሎን?"

"ለሦስት ብሎን።"

ተጨቃጨቅን። መጨቃጨቃችንን በደንብ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል።

ሥራው ሲያልቅ ሚስተር ኦቲስ ከኪሳቸው የመዳብ ምስማር አውጥተው በሎሬታ ምሰሶ ላይ፣ በዚያው ዕለት ውሃው ሞልቶ የደረሰበት ልክ ላይ መቱት። "ውሃው ያለ ነፋስ ከዚህ ያለፈ ቀን ሌላ ትመታለህ" አሉኝ። ዛሬ ሚስተር ኦቲስ የሉም፣ አርፈዋል። እኔ ግን መምታቴን አላቆምኩም። ጡረታ ስወጣ ስድስት ነበሩ፤ ዘንድሮ ሰባተኛውን መታሁ። ከጣውላው ሆድ ሥር የቀረችው አንድ ጣት ናት። ጌታቸው የሚስቅበት ምልልሴ ይኼ ነው፤ ምስማሬን ለማየት ነው የምሄደው።

መሳፈሪያው ግን ቆመ። ሎሬታ ላውንድሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ለቅቃ ወጣች። ጀልባውን የሚነዳ አለ፣ እንግዳ እየመሩ የነሚስ አዳን ታሪክ የሚያወሩ ሁለት አሉ፣ ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ሴት አለች። ሁሉም የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ሰው በእግሩ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሳፈራል፣ ረግረጉን ሳይረግጥ ይሄዳል። እንደታሰበው ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ወረቀት የተለጠፈው በዚህ ላይ ነው።

አሌክሳንድሪያ ላይብረሪ ውስጥ ሚቲንግ ተጠራ። ሎሬታ ፊት ተቀምጣለች፤ እኔና ማርቪን ከኋላ። የአስተዳደሩ ኢንጂነር ደህና ሴት ናት፣ ሰው አትንቅም። በፎቶ አሳየችን። ዝናብ ሳይዘንብ ውሃው ወጥቶ ጣውላው ላይ ሲረጭ ይታያል። ሰው ይንሸራተታል፣ መዘጋት አለበት አለች።

"መሳፈሪያው ራሱ ከፍታ ላይ ነው። የተቸገረው መንገዱ ነው። መንገዱን ከፍ ማድረግ አይቻልም?" አለች ሎሬታ።

"አስቤበታለሁ" አለች ኢንጂነሯ። "ከፍ ለማድረግ መፈታት አለበት። እነዚያ ብሎኖች ስንት ዓመት ውሃ ውስጥ ኖረው ዝገዋል። ካልተፈቱ ይቆረጣሉ፤ ሲቆረጡ ምሰሶው ይጎዳል። ረግረጉ ውስጥ ሌላ ምሰሶ መትከል ደግሞ አይፈቀድም።"

ተነሳሁ። ጉልበቴ ቀጭ አለ፣ ሰው ዞረ።

"ይፈታል" አልኩ።

"ይቅርታ?"

"ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይፈታል።"

"ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ?"

"ይፈታል!"

ሰው ሳቀ። ማርቪን ኮቴን ጎተተኝ። እኔ ይዤው የመጣሁትን ዘንግ አነሳሁ፤ ከሎሬታ ምሰሶ ላይ የሰባቱን ምስማሮች ልክ በቢላ የቆረጥኩበት ነው። ኢንጂነሯ ወርዳ ተቀበለችኝና ጣቷን በየቁርጡ ላይ አሳለፈች።

"ይኼን ማን ለካው?"

"ውሃው" አልኳት።

ሜትሯን አውጥታ ለካች፣ ስልኳ ላይ ያለውን አየች፣ እንደገና ለካች። ሁለት ጊዜ ማየቷን ወደድኩት። ከዚያ ቀና አለች።

"ነገ ጠዋት ውሃው ሲወርድ አንድ ብሎን እንሞክር። የምመርጠው እኔ ነኝ። ከተፈታ መንገዱ ከፍ ይላል ብዬ ሪፖርቴን እጽፋለሁ። ካልተፈታ ግን፣ እርስዎም እንዳይከፉብኝ፣ ይዘጋል።"

ሕዝብ ፊት ደረቴን ነፋሁ። በማግሥቱ ባቡር ውስጥ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ሌላው ብሎን አላስጨነቀኝም። እነዚያ ሦስቱ ናቸው። "ለሦስት ብሎን?" ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ሱቅ መሄዴን አላስታውስም። ብርድ ነበር። እልከኛ ነኝ። ራሴን እንደማውቀው ሳልሄድ ቀርቻለሁ። እዚያው ባቡር ውስጥ እያለሁ ሰብለ ኮል አደረገችኝ።

"አባዬ፣ የት ነህ? የጉልበትህ አፖይንትመንት ዛሬ ነው እኮ!"

"ዛሬ አልችልም፣ ሥራ አለኝ።"

"ምን ሥራ? ሪታየር አድርገሃል!"

"ማታ እነግርሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ደረስኩ። ውሃው ወርዷል፣ ጭቃው ይሸታል። ሎሬታና አብረዋት የሚሠሩት አራቱም ቆመዋል። ኢንጂነሯ ቦቷን አድርጋ ምሰሶ በምሰሶ አለፈች። ሚስ አዳን አለፈች። ዲያቆን ሮይን አለፈች። የሎሬታ ምሰሶ ላይ ቆማ ጎንበስ አለች፣ ከሁሉ ዝቅ ያለውን፣ አረንጓዴ ዝቃጭ የለበሰውን ብሎን በጣቷ ነካችው።

"ይኼን።"

ከሦስቱ አንዱ ነው።

ማርቪን መፍቻውን ይዞ ሊወርድ ሲል "ስጠኝ" አልኩት። ጭቃው ውስጥ ገብቼ ተንበረከክሁ። ዝቃጩን ጠርጌ መፍቻውን ዳዶው ላይ አገባሁና ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። እግሬን አስተካክዬ እንደገና ሳብኩ። የለም። ከኋላዬ የሎሬታ ትንፋሽ ይሰማኛል።

"ዶን ዴሚ፣ በመዶሻ ልምታው?" አለኝ ማርቪን።

"አትምታ።"

ሚስተር ኦቲስ እንደሚያደርጉት ዓይኔን ጨፈንኩ። በቀስታ፣ ሳልነጥቅ፣ ክብደቴን ሁሉ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ከዚያ ዞረ። ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ከዚያ በጣቴ ብቻ ይዞር ጀመር። አውጥቼ ጥርሱን ስጠርገው ግሪሱ ጥቁር ሆኖ፣ ወፍሮ፣ እንዳለ ነበር። እኔ ሱቅ ሄጄ ይሁን ወይ ሚስተር ኦቲስ ከኋላዬ በክራንች ሄደው ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

ለኢንጂነሯ ሰጠኋት። ጣቷን አስነክታ ግሪሱን አየችው፣ አሸተተችው።

"ሪፖርቴን እጽፋለሁ" አለች። "ለመሆኑ ሁሉም እንዲህ ናቸው?"

"አብረን እንይ" አልኳትና ወደሚቀጥለው ዞርኩ። ውሃው ተመልሶ እስኪመጣ ገና ሁለት ሰዓት ነበረን።

ሎሬታ ወደ መሳፈሪያዋ ሄዳ እንግዶች የሚቀመጡበትን ወንበር በራሷ ተሸክማ አመጣችና ጭቃው ዳር ደረቅ ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው።

"ሚስተር ዴሚ፣ ትንሽ ይቀመጡ እንጂ።"

"እግዜር ይስጥሽ" አልኳት፤ በአማርኛ ነው ያልኳት። ወንበሩን ሳብ አድርጌ የብሎኑን ባልዲ አስቀመጥኩበት።